ባለቤት ያጣ ግሥ

(ጥርባ ላይ በሕዝብ ፊት የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት እዚሁ ጥርባ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። አስተናጋጁ ልጅ በአንድ እጁ አምስት ስድስት ብርጭቆ ደራርቦ ሲያልፍ የላይኛው ተንሸራቶ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። የቤቱ እመቤት ከጓዳ ሆና «ምንድን ነው እሱ?» አለች። ልጁ ጎንበስ ብሎ ስባሪውን እየለቀመ «ተሰበረብኝ» አለ። «እጅህን እንዳይቆርጥህ!» አለችው። ነገሩ በዚያው አለቀ።

እኔ ግን ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ያችን አንዲት ቃል ሳላምጣት ቆየሁ። ብዙ ዓመት ሰዋስው አስተምሬያለሁ፤ ጡረታ ብወጣም አመሉ አልለቀቀኝም። ልጁ «ሰበርሁት» ብሎ ቢሆን መልሱ ሌላ ነበር፤ የብርጭቆው ዋጋም ይነሣ ነበር። «ተሰበረብኝ» ሲል ግን ሰባሪው ከዓረፍተ ነገሩ ወጣ። የግሡ ባለቤት ብርጭቆው ሆነ፤ ለራሱ መሰበር ራሱ ተጠያቂ! ልጁ የተመለሰው በቃሉ ጭራ፣ «ብኝ» በምትለዋ በኩል ነው። የተመለሰውም ጉዳት እንደ ደረሰበት ሰው ሆኖ ነው። ከተጎዳ ሰው ጋር ማን ይጣላል? ይታዘንለታል እንጂ።

ልጁን ለመክሰስ አይደለም የመጣሁት። ሁላችንም እንዲህ ነው የምንናገረው። ወጥ ያረረብን፣ በግ የጠፋብን፣ ቀጠሮ የረፈደብን ሰዎች ነን። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ አነጋገር ከሻይ ቤት ወጥቶ ቢሮ ሲገባ፣ ከብርጭቆ አልፎ ለድልድይና ለበጀት ሲውል ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የስፔን ቋንቋ ተናጋሪ ብርጭቆ ሲወድቅበት የሚለው ቃል ከእኛ «ተሰበረብኝ» ጋር መንታ ነው ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ሳያስበውም ይስበር ሆን ብሎ «ሰበረው» ማለት ይቀናዋል። ኬትሊን ፎሲና ሌራ ቦሮዲትስኪ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሁለቱን ቋንቋ ተናጋሪዎች ቪዲዮ አሳይተው ፈትነዋቸዋል። ሰው ፊኛ ሲያፈነዳ፣ እንቁላል ሲሰብር የሚያሳይ ነው፤ አንዳንዴ ሆን ብሎ፣ አንዳንዴ ሳያውቅ። ሆን ተብሎ በተደረገው ላይ ሁለቱም ወገኖች አድራጊው ማን እንደ ነበረ እኩል አስታወሱ። ሳይታወቅ በሆነው ላይ ግን የስፔን ቋንቋ ተናጋሪዎቹ «ማን ነበር?» ሲባሉ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ያነሰ አስታወሱ። በአነጋገር ያልያዝነውን ሰው በአእምሯችንም አንይዘውም ማለት ነው።

እነዚሁ ሴቶች ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብለው ያወጡት ሌላ ጥናት አለ። ምግብ ቤት ውስጥ ሻማ ወድቆ እሳት የተነሣበትን አደጋ በሁለት መንገድ ጻፉ። በአንደኛው ጽሑፍ ሴትዮዋ ሻማውን ጣለች፤ በሌላው ሻማው ወደቀ። የቀረው ሁሉ አንድ ነው። ሴትዮዋ ስንት ትክፈል ተብለው ሲጠየቁ «ጣለች» የሚለውን ያነበቡት፣ «ወደቀ» የሚለውን ካነበቡት ከመቶ ከ30 በላይ የሚበልጥ ካሣ ፈረዱባት። የግሡ አቀራረብ ነው ልዩነቱን ያመጣው። ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ይህን ጥናት ባያነብም ጥቅሙን አሳምሮ ያውቀዋል።

አሁን የአነጋገሩን ደረጃዎች እንያቸው። ከላይ «ሰበርሁት» አለ። ከሥሩ «ተሰበረብኝ» አለ። ከሁሉ በታች ደግሞ ደረቁ «ተሰበረ» አለ። መካከለኛዋን ክፉ አድርጌ ያነሣኋት እንዳይመስላችሁ፤ ከባድ ቃል ናት። ገበሬ «በሬዬ ሞተብኝ» ሲል፣ እናት «ልጄ ታመመብኝ» ስትል ያች «ብኝ» ጥፋተኛን አትደብቅም፤ ጉዳቱ የማን እንደ ሆነ ትናገራለች። እኔ በዕድሜዬ «መብራቱ ጠፋብኝ» የሚል የመብራት ኃላፊ፣ «መንገዱ ተቆረጠብኝ» የሚል የመንገድ ኃላፊ አልሰማሁም። «ጠፍቷል»፣ «ተቆርጧል» ነው የሚባለው። ጥፋቱም የእሱ አይደለም፤ ጉዳቱም የእሱ አይደለም። የሻይ ቤቱ ልጅ እኮ ቢያንስ በጭራዋ በኩል ተመልሷል።

ከዚህ በኋላ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ስሙን በማልጠራው አንድ ቀበሌ የውሃ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርሁ። የእጅ ፓምፑ ተበላሽቶ ሕዝቡ ከወንዝ ሲቀዳ ወር ሞላው። ስብሰባ ተጠራ፤ እኔም ቃለ ጉባኤ ያዝሁ። በዚያን ጊዜ በጽሕፈቴ እኮራ ነበር። በመጨረሻ ድምፄን አቅንቼ እንዲህ ስል አነበብሁ፦ «የእጅ ፓምፑ ብልሽት እንዳጋጠመው ተገልጿል። በጥገና በኩል ክፍተት መኖሩ ታይቷል። ለሚመለከተው አካል እንዲገለጽ አቅጣጫ ተቀምጧል። መዋጮው ተጠናክሮ እንዲቀጥል ተወስኗል።»

ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ይኸ የሚመለከተው አካል የምትለው የማን ልጅ ነው? ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው ወይስ ወዲህ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «እኔ ጀሪካን አዝዬ ወንዝ ስወርድ ‹ተወርዷል› አልልም። እኔ ነኝ የምወርደው። ማን ይሄዳል? መቼ ይሄዳል? እሱን ጻፍ።»

ቃለ ጉባኤውን መልሼ ሳየው አራት ዓረፍተ ነገር፣ ግሡ ሁሉ ተደራጊ፣ አንድም ሰው የለበትም። ሰዋስው አስተማሪ ሆኜ! በአማርኛ ሰዋስው በአድራጊ ግሥ ድርጊቱን የሚፈጽመውን «ባለቤት» እንለዋለን። በቤትም ጣሪያው ቢያፈስ የሚጠየቀው፣ እንግዳ ቢመጣ የሚቀበለው ሰው ባለቤት ነው። ይህን ያህል ጥሩ ቃል በእጃችን ይዘን ቃለ ጉባኤያችንን ወና ቤት አደረግነው።

ባለቤት የሌለው ግሥ ከውሃ ፓምፕ የከፋ ታሪክም አለው። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ «እርምጃ ተወሰደበት» የሚለውን ታስታውሳላችሁ። እርምጃ እግር የሚያደርገው ነገር ነው፤ ሕፃን እንኳ አንድ ሁለት እርምጃ ይሄዳል። በደርግ ዘመን ግን ቃሉ ሰው ተገደለ ማለት ሆነ። ቃሉን ፍቱት፤ «ተወሰደ» ሲል ወሳጁ የለም፤ «በት» ሲል ሟቹ አለ። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የቀረው ሰው የተገደለው ብቻ ነው። ደርግ የሚለው ስም ራሱ ከግዕዝ የመጣ፣ ኮሚቴ እንደ ማለት ነው፤ ብዙ ሰው አባላቱን በስም ሳያውቅ «ደርግ ወሰነ» ሲባል ይሰማ ነበር። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣናትና መኮንኖች በአንድ ሌሊት ሲገደሉ ሕዝቡ በራዲዮ የሰማው «የፖለቲካ ውሳኔ» የሚል ነበር። ውሳኔ እንጂ ወሳኝ በስም አልተጠራም። በኋላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቁሞ በ1987 ዓ.ም. የተጀመረው ችሎት እስከ ታኅሣሥ 1999 ፍርድ ድረስ የደከመው ለዚህ ነው። ከተደራጊው ግሥ ኋላ የተደበቀውን አድራጊ ለማውጣት ከመንግሥት መዝገብ ቤት ወረቀት በወረቀት ተፈለገ፤ ፊርማ ተፈለገ። አንድን ዓረፍተ ነገር ባለቤት ለማስያዝ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ።

ከዚህ ወደ ቀለል ያለ ነገር ልውሰዳችሁ፤ ወደ ፈረስ። ይህ አገር የፈረስ አገር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር ያላየ እዚህ መካከል ያለ አይመስለኝም። ልጆች የፈረሱን ጌጥ ነው የሚያዩት፤ እኔ ስሙን ላስታውሳችሁ። የቀድሞ መሪዎቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። ብዙዎቹን በሰዋስው ዓይን እዩአቸው፤ ትእዛዝ አንቀጽ ናቸው። ታጠቅ! ዳኘው! ቃኘው! ሰውዬው ሊያደርግ የሚገባውን ሥራ በስሙ ላይ አስሮ ይዞራል። ጠዋት ጋሻ ጃግሬው ሲጠራው ሥራውን ያስታውሰዋል።

አባ በዝብዝን ልብ በሉልኝ። በዝብዝ መልካም ስም አይደለም፤ ዝረፍ ማለት ነው። ግን አልተደበቀም፤ «ብዝበዛ ተካሂዷል» አላለም። ከእነዚህ ሁሉ ለእኔ የሚበልጥብኝ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው። ጦር ሚኒስትር ሆነው፣ ጦረኛ ስም መያዝ ሲችሉ አባ መላ ተባሉ። በተያዘ ፍርድና በተቋጠረ ነገር ሁሉ መላ ይጠበቅባቸው ነበር፤ በብልሃታቸው እስከ ዛሬ የሚነሡትም በዚያ ነው። የአባ ቃኘው ስም ደግሞ ከባለቤቱ አልፎ ሄደ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ ቃኘው ተባለ፤ አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የጦር ሰፈርም በዚያው ስም ተጠራ። የአንድ ፈረስ ስም! የፈረስ ስም ይመለስ አልልም፤ የዛሬ ሹም ላንድክሩዘሩን «አባ ተጠናክሮ ይቀጥላል» ቢለው ምን ይጠቅመናል።

ምኒልክን ካነሣን አይቀር፤ እኚህ ሰው በዕለት ተዕለት አነጋገር ላይ አዋጅ ያስነገሩ ናቸው። ባለ እጁን ሰው፣ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሙያው የሚሰድብ እሳቸውን እንደ ሰደበ ይቆጠራል አሉ። ጠይብ የሚለውን ቃል ተመልከቱ፤ ከጠቢብ ጋር አንድ ሥር ነው። ማረሻ የሚሠራልንን ሰው ጠቢብ ብለን ጀመርንና ቃሉን ወደ ስድብ አወረድነው። ከዚያ ልጁ ያባቱን ሙያ እንዲይዝ ማን ይፈልጋል? አዋጁ ወጥቶ ዘመን አልፏል፤ ስድቡ ግን ዛሬም ገበያ መሐል ይሰማል። ንጉሥ ያዘዘውን አፍ በአንድ ቀን አይሰማም።

ሌላም አለ። ጭሰኛ የሚለው ቃል ከጭስ የመጣ ነው፤ ሰው በሌላው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ የሚያጨሰው ጭስ። እኛ ጎጃም ርስት ይበዛ ስለ ነበር ቃሉ የደቡቡን ያህል አልከበደብንም፤ እዚያ ግን ገበሬው ከማረሻው ይልቅ በጭሱ ነበር የሚታወቀው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየካቲት 1957 አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ሲወጡ «መሬት ለጭሰኛው» አላሉም፤ «መሬት ለአራሹ» አሉ። አራሽ አድራጊ ነው፤ ስሙ ውስጥ ሥራው አለ። አንድ ሰው የሚያርሰው መሬት የማን ሊሆን ይገባዋል የሚለው ጥያቄ በዚያች ቃል ውስጥ ግማሹ ተመልሷል። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። መሬቱ የመንግሥት ሆኖ ቀረ እንጂ የአራሹ መቼ ሆነ የሚል ክርክር እንዳለ አውቃለሁ፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።

ወደ ቢሮ እንመለስ። ድሮ ከሹም ደጅ የሚቆመው ሰው ባለጉዳይ ይባል ነበር። ደጅ መጥናቱ መከራ ነው፤ ስሙ ግን ትልቅ ነው። ባለርስት፣ ባለሙያ፣ ባለቤት እንደምንለው ጉዳዩ የእሱ ነው። ሲቪል ሰርቪሱ ሲሻሻል ይህ ቃል ኋላ ቀር ተባለና «ተገልጋይ» መጣ። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ሹሙን አገልጋይ ለማድረግ ነበር። ነገር ግን «ባለ» የነበረው ሰው በአንድ ጊዜ «ተ» ሆነ፤ ባለቤት የነበረው ተደራጊ ሆነ። ተገልጋይ የሚቀመጥ፣ የሚጠብቅ፣ የተሰጠውን የሚቀበል ሰው ነው። የተገልጋይ ወንበር ተገዛለት፤ ጉዳዩ ግን ከእጁ ወጣ። እኔ ብጠየቅ ወንበሩን ወስጄ ስሜን እንዲመልሱልኝ ነው የምፈልገው።

ስለ «በላ» ብዙ አልናገርም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከሱቅ ሳሙና ያነሣ ልጅ ሰረቀ ይባላል። የማኅበር ገንዘብ ያጎደለ ሰው ግን በላ ነው የሚባለው። መብላት ደግሞ ሐላል ነገር ነው፤ የተራበ ይበላል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የምንል ሰዎች ልጆቻችንን ገና ሳይሾሙ ገበታው ላይ አስቀምጠናቸዋል።

በእርሻም የምንጠቀምበት፣ እኔ ከሁሉ የምወደው አንድ ግሥ አለ፤ ጸደቀ። በአማርኛ ነፍስ ይጸድቃል፤ በጀት ይጸድቃል፤ ችግኝም ይጸድቃል። እዚህ ዙሪያ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ያልተከለ ገበሬ ጥቂት ነው፤ ችግኙን ከተከለ በኋላ ጎረቤቱ «ስንት ተከልህ?» አይለውም፤ «ጸደቀልህ ወይ?» ነው የሚለው። «ልህ» የምትለዋን ስሙልኝ፤ የ«ብኝ» ተቃራኒ ናት። ሪፖርት ላይ ግን የሚቆጠረው «ተተከለ» ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሮ ነበር። ቁጥሩ ዓለምን አነጋገረ። የገበሬው ጥያቄ ግን ክረምት አልፎ በጋ ሲመጣ ነው የሚጠየቀው፤ እሱን የሚቆጥር ሰው ደግሞ ሰልፍ አያስፈልገውም፤ በየሣሩ መሐል ጎንበስ ብሎ መሄድ ብቻ ነው። መሪ በ«ተተከለ» ሲያስብ ሐምሌን ያያል፤ በ«ጸደቀ» ሲያስብ ግንቦትን።

እዚህ ላይ አንድ ሽማግሌ በልባቸው «እኛ ስናስታርቅ እኮ ስም አንጠራም» ሳይሉኝ አይቀሩም። እውነት ነው። ሽምግልና ላይ አባቶች «እገሌ አበላሸ» ብለው አይጀምሩም፤ «ነገሩ ተበላሽቷል፣ ደም ተቃብቷል» ይላሉ። ባለቤት የሌለው ግሥ እዚያ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ የተቆጣ ሰው ፊቱን ሳያጣ እንዲቀመጥ ቦታ ይሰጠዋል። ግን ሽምግልናው በዚያ ግሥ አያልቅም። መጨረሻ ላይ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ አንገቱን ደፍቶም «አጥፍቻለሁ» ይላል። «ጥፋት ተፈጽሟል» ቢል ማንም ድንጋዩን አያወርድለትም። ካሣው የሚቆረጠውም ከዚያ በኋላ ነው። አባቶቻችን ተደራጊውን በመግቢያው፣ አድራጊውን በመውጫው ይጠቀሙበታል። እኛ ቢሮ ያለነው መግቢያው ላይ ተቀምጠን ቀረን።

ስለ ፓምፑ አልጨረስሁም። እኚያ እናት ማን ይሄዳል ሲሉ አንድ የኮሚቴ አባል ተነሣና «እኔ እሄዳለሁ፤ ማክሰኞ» አለ። ስሙንና ቀኑን ጻፍሁ። ሁለት ሳምንት አለፈና እንደገና ተሰበሰብን። ፓምፑ እንደ ነበረ ነው። ሰውዬው ተጠየቀ። ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ ብዕሬን አዘጋጅቼ «በትራንስፖርት እጥረት ምክንያት» የሚለውን እየጠበቅሁ ነበር።

«ረሳሁት» አለ።

ዝም ተባለ። እንዲህ ያለ ቃል ስብሰባ ላይ ሰምተን ስለማናውቅ ምን እንደሚመለስለት የሚያውቅ አልነበረም። ማክሰኞ የጎረቤቱን አዝመራ ሲያጭድ ውሎ እንደ ነበር ተናገረ፤ ነገ በጠዋት እሄዳለሁ አለ፤ ሄደም። እኔ ያን ዕለት በቃለ ጉባኤው ላይ እጄ በልማድ «ተረስቷል» ብሎ ጽፎ ነበር። ቀና ስል እኚያ እናት ከግድግዳው ሥር ሆነው ያዩኛል። ፊደል አይለዩም። እኔ ግን ሰረዝሁት።